የአክስቱ ምርቃት

ኅዳር 3

የወታደር ቤተሰብ ሥልጠና ዛሬ ተጀመረ። የሐይቅ ከተማ ፀሐይ፣ የቆርቆሮ አዳራሽ... ተቀቀልን። በሻይ ሰዓት ብስኩት አደሉን። ሕፃን መሰልናቸው እንዴ?

አሰልጣኟ ኢቲሳም ትባላለች። ጡረታ የወጣች የጦር ነርስ ናት። ስታናግር እንደ አዛዥ ነው። ከሰው ሁሉ መርጣ እኔን አስነሳችኝ።

"እኔ ባልሽ ነኝ፣ ከግዳጅ ደወልኩ። ልጃችን ታማ ተኝታለች። ምን ትይኛለሽ?"

"ደህና ነን፣ አታስብ።"

አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። "ይኸው! ሁላችሁም እንዲህ ናችሁ" አለች። ክፉ ነገር ከመጣ መጀመሪያ ለአለቃው ደውሉ፣ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ፣ ከዚያ ንገሩት፣ አትደብቁ... አሁን ይሄ ምክር ነው? መርዶ እኮ ወግ አለው። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ገና በጠዋቱ፣ ሰውየውን ቤቱ አስቀምጦ ነው። በስልክ ይነገራል? ብሽቅ ብዬ ገባሁ።

አመሻሽ ላይ ባሌ ባድሩ ከግዳጅ ደወለ። ደህና ነኝ አለኝ። አልሃምዱሊላህ አልኩ። ቀጥሎ የተለመደው፦ "እማዬን አቅርቢልኝ፣ ትመርቀኝ።" አማቴ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ጀመረች። "ከክፉ ይሰውርህ... የረገጥከው ይለምልም... በሰላም ያግባህ..." እሱ ከዚያ ማዶ አሜን፣ አሜን። ይሄ ሰውዬ ሳይመረቅ ስልክ አይዘጋም። እኔን እንኳ በቅጡ ሳያናግረኝ።

ኅዳር 9

አማቴ ሞተች። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ሱብሂን ሰግዳ ጋደም አለች፣ በቃ። ዙሁር ላይ ተቀበረች። ትናንት ስታመሽ "ልጄን ሳላየው..." ትል ነበር። ባድሩን ነው።

ኅዳር 10

አያ አብዱልመናን፣ የባድሩ ታላቅ ወንድም፣ ቤተሰቡን ሰብስቦ አዋጅ አወጀ። "ባድሩ እንዳይሰማ። ፈቃድ ሲመጣ በወጉ እናረዳዋለን።"

"አያ፣ እናቱ እኮ ናት" አልኩ።

"አንቺ ዝም በይ።"

ዝም በይ! ጅዳ በሰው ቤት ስሠራ ዝም ያልኩት አይበቃኝም? ይሄን ግን በልቤ ነው ያልኩት። ለምን በልቤ? ምላሴን ማን ያዘው?

ደግሞ ያቺ ሴትዮ ትዝ አለችኝ። አትደብቁ ያለችው።

ኅዳር 13

ወላሂ የዛሬውን ሳልጽፍ አልተኛም።

ባድሩ ደወለ። "እማዬን አቅርቢልኝ" አለ። አፌን ልከፍት ስል አያ አብዱልመናን ስልኩን ከእጄ ነጠቀኝ። "አለች፣ አለች፣ ትንሽ ጉንፋን ይዟት ነው" ብሎ ለመስኡዳ ሰጣት። መስኡዳ የሟች ታናሽ እህት ናት፣ የባድሩ አክስት። ድምፃቸው ቁርጥ አንድ ነው።

መረቀችው! አፈሩ ሳይደርቅ! እሱም "አሜን እማዬ፣ አሜን" ይላል። ሱብሃነላህ።

መስኡዳ ስልኩን ጥላ ጓዳ ገባች። ተከተልኳት። ሻሿን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ታለቅሳለች። "ምን ላርግ ልጄ፣ አስገደደኝ" አለችኝ። ልቆጣት ሄጄ አብሬያት ተቀመጥኩ።

ያ ሰውዬ አላህን አይፈራም?

ኅዳር 16

ዛሬ ሥልጠናው ሲያልቅ ኢቲሳምን ለብቻዋ ይዤ ሁሉንም ነገርኳት። ትገስጸኛለች ብዬ ነበር። "የአለቃውን ስልክ አምጪ" ብቻ አለችኝ። እዚያው ደወለች። የአለቃው ድምፅ ለእኔም ይሰማኛል።

"ባድሩ? መኪና ተገልብጦ ከተጎዳ እኮ ወር አለፈው። ደሴ ሆስፒታል ነው ያለው። ቤተሰብ ያውቃል፣ ወንድሙ ይመላለሳል።"

ደሴ!

ሚኒባስ ውስጥ የጀመርሽውን ወሬ ሳትጨርሺ የምትደርሺበት ደሴ! አያ አብዱልመናን "ዕቃ ላመጣ" እያለ የሚሄድበት ደሴ! እናቱ ልጄን ሳላየው እያለች ስትሞት ልጇ እዚህ አፍንጫችን ሥር ተኝቷል። ቀብር ባይደርስ እንኳ...

ኢቲሳም ውሃ ሰጠችኝ። መሬት ላይ ደፋሁት። እሷ ምን አደረገችኝ?

ቀጥታ ወደ አያ አብዱልመናን ሱቅ ሄድኩ። ደንበኛ ሞልቷል። ይሙላ!

"ባድሩ የት ነው ያለው?"

ፊቱ አመድ ሆነ። "እግሩ ተቆርጧል ሀፊዛ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አትንገር ብሎ ያስማለኝ እሱ ራሱ ነው። እማዬ ካየችኝ ትሞታለች ብሎ።"

"ይኸው ሳታየውም ሞተች!"

አንገቱን ደፋ። የሚዛኑን ሰሃን ይጠርጋል። ትንሽ እንኳ አላዘንኩለትም። እግሩ ተቆርጧል... እየሄድኩ ነው ቃሉ የገባኝ። መንገድ ዳር ተቀመጥኩ።

ኅዳር 17

ደሴ። ኢቲሳም አብራኝ መጣች፣ ማንም ሳይጠይቃት። ነርሶቹን አናግራ ከአልጋው በዚያኛው በኩል ቆመች።

ባድሩ ሲያየኝ አንሶላውን ጎተተ፣ ሊሸፍነው። ቀኙ ከጉልበት በታች የለም። "ማን ነገረሽ?" አለኝ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

ኢቲሳም እጁን ያዘችው። ዓይኑን እያየሁ ነገርኩት። "እማዬ አልፋለች ባድሩ። ኅዳር ዘጠኝ።"

"ከዚያ ወዲህ እኮ መርቃኛለች" አለ።

"መስኡዳ ናት።"

ጣሪያውን አየ።

"እና እኔ አሜን ያልኩት ለማን ነው?"

አለቀሰ። ከዚያ ጮኸብኝ፣ እንዴት ፈቀድሽ ብሎ። አናደደኝ! "አንተስ?" አልኩት። "ደህና ነኝ ስትለኝ አልሃምዱሊላህ ያልኩት ለየትኛው እግርህ ነው?" እንዲህ ተናግሬው አላውቅም። አፌ ካወጣው በኋላ ደነገጥኩ። አንዲት ነርስ ሮጣ መጣች። ኢቲሳም "ተያቸው" አለቻት።

ሁለታችንም ሲደክመን እጄን ያዘኝ። ጭምቅ አድርጎ።

ስልኬ ጠራ። አያ አብዱልመናን ነው። "ነገርሽው እንዴ?"

"ነገርኩት።"

"ምን አለ?"

"ራሱን ጠይቀው።"

ስልኩን ለባድሩ ሰጠሁት። "አንዴ ውጪልኝ፣ ብቻችንን እናውራ" አለኝ።

አልወጣም አልኩ። ወንበሩን ወደ አልጋው ሳብኩና ስፒከር ላይ አድርገው አልኩት።