«ፔሌ» አላልሁም ብዬ ስለ ፈረምሁት ወረቀት

ለክቡር ቺፍ አዴጎኬ ፋፖሁንዳ
የጽኑ ጥላ መድን ድርጅት የካሳ ክፍል የበላይ ኃላፊ
ኢባዳን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ የልጅ ልጆችዎ፣ በር ላይ የሚያንቀላፋው ዘበኛዎ፣ እንዲሁም ባለፈው ጥር ታሞ ሁለት ወር ሙሉ ከአልጋ ያልወረደው የድርጅትዎ ኮምፒውተር፣ ሁሉም ደኅና ናቸው? እኛ ሰላምታ ሳናዳርስ ወደ ጉዳይ የማንገባ ሰዎች ነንና፣ አንዲት ሴት ለታላቅ ሰው እንደሚገባት ሁለት ጉልበቴን መሬት አስነክቼ እጅ እነሣለሁ። ጉልበቴ እንኳ በእናንተ አግዳሚ ወንበር ላይ ሰባት ወር ተቀምጦ ስለ ደነዘዘ ብዙም አይሰማኝም።

እኔ በኦጄ ሰፈር ሃያ ስድስት ዓመት የዮሩባ ቋንቋ ያስተማርሁ ሞጂሶላ ኦዬዲጂ ነኝ። ይህን ደብዳቤ አደባባይ ያወጣሁት ላዋርድዎ ብዬ አይደለም፤ በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው አምስቱ «ሌጎስ ላለው ኮሚቴ ሄደዋል» ስለ ተባልሁና ሌጎስ ከሄደ ደብዳቤ የተመለሰ ስላላየሁ ነው። ደግሞም የምዋረደው እኔ እንደሆንሁ ወደ ታች ሲወርዱ ያዩታል።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። በሃርማታን አቧራ ወቅት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ወደ ትምህርት ቤት ስነዳ ፍየሎች መንገድ አቋረጡና ድንገት ፍሬን ያዝሁ። ከኋላዬ በሞተር ሳይክል ሰው እያመላለሱ የሚተዳደሩት ሽማግሌ፣ ባባ ላሚዲ፣ መጥተው መኪናዬን ገጩ። የእኔ የኋላ መስታወት ረገፈ፣ አንገቴም ተቀጨ፤ የእሳቸው እግር ተሰበረ። ዘልዬ ወርጄ ራሳቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ «ኤ ፔሌ ባባ! ኤ ፔሌ!» አልሁ። ስንት ጊዜ እንዳልሁት አልቆጠርሁም።

የሌጎሱ ኮሚቴዎ አባላት ወድቀው የሚያውቁ ስላልመሰለኝ፣ ይቺን ቃል እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ላስረዳቸው ይፈቀድልኝ። ፔሌ፣ ለታላቅ ሰው ሲሆን «ኤ ፔሌ»፣ ሰው ሲደናቀፍ፣ ሲያስነጥስ፣ ሸክም ሲከብደው የምንለው ነው፤ «እኔን!» እንደ ማለት። ድንጋዩን መንገድ ላይ ያስቀመጠው ማን ነው ተብሎ አይጠየቅም። ዛፍ ላይ አትውጣ ተብሎ ወጥቶ የወደቀን ልጅ እንኳ እናቱ መጀመሪያ ፔሌ ትለዋለች፣ ከዚያ ነው የምትገርፈው። ቦታው ላይ የደረሰው ሳጅን ግን ከሌላ ክልል የመጣ፣ ቋንቋችንን የማያውቅ ሰው ነበር። «ምን እያለች ነው?» ብሎ አንዲት ኦቾሎኒ ሻጭ ጠየቀ፤ እሷም «ሶሪ እያለች ነው» አለችው፤ እሱም መዝገቡ ላይ «ባለመኪናዋ ደጋግማ ይቅርታ ጠይቃለች» ብሎ ጻፈ። ምስጋናዎቼን እንግዲህ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ትዕግሥት ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ። በየሳምንቱ ሐሙስ ስመጣ፣ በመስኮቱ ያለችው ወጣት ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሣ «ማዳም፣ ሲስተም የለም» ትለኛለች፤ ሲስተም ያለ ቀን ደግሞ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ትለኛለች። ስብሰባው እንዴት ደስ የሚል ስብሰባ ነው! ሳቁ እስከ ኮሪደሩ ይሰማል። በዚያ ወንበር ላይ የሦስት ክፍል ፈተና አርሜ ጨርሻለሁ። አጠገቤ የተቀመጠ አንድ የታክሲ ሹፌር፣ እሱ እንኳ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እናቴ፣ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ የእኛ ጉድ ደግሞ ባልየውን በውል መቅጠራችን» አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ዘበኛው ገሠጸኝ።

ሁለተኛ፤ ገማች ስለ ላካችሁልኝ። በስድስተኛው ሳምንት የመጣው ጨዋ ልጅ፣ የደረሰብኝን ጉዳት ሊያይ ካሜራውን አውጥቶ መኪናዬን ከፊት ለፊቷ አሥራ አንድ ጊዜ ፎቶ አነሣት። «ወንድሜ፣ የተመታሁት እኮ ከኋላ ነው» ብለው «ማዳም፣ ፎርሙ የፊት ፎቶ ነው የሚለው» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ፎቶው ላይ አምራለች። የኋላውን እኔው በላስቲክ ሸፍኜ ስለማስረው፣ ዝናቡ ሲጀምር ተማሪዎቼ «ሚስ ፌስታል መጣች!» ይሉኝ ጀመር፤ እኔም እንዳልሰማሁ አልፍ ነበር።

ሦስተኛ፤ በሚያዝያ ስለ ደረሰኝ ያማረ ደብዳቤ። «ያለ ድርጅቱ ፈቃድ ጥፋትዎን በማመንዎ ውሉን አፍርሰዋል፤ ስለዚህ መኪናዎን አናሠራም» ይላል። እኛ ሰው ወድቆ ስናይ ፈቃድ ማስጠየቅ እንዳለብን ሃያ ስድስት ዓመት ሳስተምር አለማወቄ ያሳዝናል። ከግርጌው ደግሞ «ከተጎጂው ጋር ምንም ዓይነት ግንኙነት እንዳያደርጉ» የሚል ነበረበት። ይህን እንኳ መስማት አልነበረብኝም። ሰማሁ እንጂ። ባባ ላሚዲ የሚኖሩት ከቤቴ ሦስተኛው መንገድ ላይ ነው፤ የታመመ ጠላት በሚጠየቅበት አገር፣ እኔ ጭኔ ላይ ባቃሰቱት ሰውዬ ቤት በኩል ላለማለፍ ዙሪያ መንገድ መሄድ ጀመርሁ። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ በርበሬ የምትሸጠው ሚስታቸው ኢያ ሲኪራ ድንገት ፊቴ ተደቀነች። በዕድሜ እናቴ የምትሆነው ሴት ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ «ቲቸር፣ አንገትዎ ተሻለዎት? ባባ ሁልጊዜ ይጠይቁዎታል፤ ‹ያቺ ሴት የቀረችው ብትታመም ነው› ይላሉ» አለችኝ። ቤቴ የሞላውን በርበሬ ገዛኋትና ሮጥሁ። ፊቴን የት ላድርገው?

አራተኛ ብዬ ስጀምር፣ ክቡር ሆይ፣ ብዕሬ ወደ እኔው ዞረ። በሐምሌ መጀመሪያ እርስዎ ራስዎ ደወሉልኝ። ወንበሩ ቀርቶ ሶፋ፣ ሲስተሙ ቀርቶ የቀዘቀዘ ማልት፣ «ማዳም» ቀርቶ «እናታችን» ሆነ። የሆነው ነገር በኋላ ገባኝ። የባባ ላሚዲ ቤተሰብ ሕክምናውን እንድትሸፍኑ አመልክቶ ነበር፤ ሐኪሙ እግራቸው ዳግም ተከፍቶ ካልተስተካከለ እንደ ተጣመመ ይቀራል፣ ሞተር ሳይክልም ሕልም ይሆናል ብሏቸዋል። ጥፋቱ የእኔ ከሆነ ደግሞ የሚያሳክሙት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ በሚያዝያ መኪናዬን ላለማሠራት «ብለሻል» የተባልሁትን ቃል፣ በሐምሌ እግር ላለማሳከም «አላልሽም» ተባልሁ። እርስዎ በዚያ በሚጥም ዮሩባዎ «እንዲያው ቲቸር፣ ሰው በድንጋጤ ላይ ያለውን ያስታውሳል? ዝም ነበር ያሉት እኮ!» ብለው አንድ ወረቀት አቀረቡልኝ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ነበረበት፦ ለተጎጂው አንዲት ቃል አልተናገርሁም፤ የመኪናዬ መብራቶች በሙሉ ይሠሩ ነበር፤ ሞተረኛው በከፍተኛ ፍጥነት ይበር ነበር።

ፈረምሁ።

ተማሪ ሲኮርጅ ስይዝ እጁን አስዘርግቼ የምቀጣው እኔ፣ ያንን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አንብቤ፣ የፊደል ግድፈቱን እንኳ አርሜ ፈረምሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ማልቴንም ጨረስሁ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውሸት መሆኑን እርስዎም ያውቃሉ። ሦስተኛውን ማናችንም አናውቅም፤ ዓይኔ ፍየሎቹ ላይ ነበር። ሁለተኛው ግን የእኔ የብቻዬ ነው። የፍሬን መብራቴ ከአደጋው በፊት ሁለት ሳምንት ሙሉ አይበራም ነበር። ኤሌክትሪክ ሠሪው «ቲቸር፣ አምፖሉ ሞቷል፣ ዛሬውኑ ልቀይርልሽ» ብሎኝ «ሲመቸኝ» አልሁት። ፍሬን ስይዝ ከኋላዬ ላለው ሰው የቆምሁ አልመሰልሁትም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ገማቻችሁም መኪናዬን ከፊት ብቻ በማንሣቱ ያን ቀን በልቤ አመስግኜዋለሁ። ያፈርሁት እንግዲህ በእናንተ ብቻ እንዳይመስልዎ።

ሰባት ወር እምቢ ያለው መስታወት በአራት ቀን ገባ። መኪናዬ ታጥባ፣ ተወልውላ፣ መብራቶቿ በሙሉ በርተው መጣች። የመምህራን ክፍል ጓደኞቼ አጨብጭበው «መቼ ነው የምናጥባት?» አሉኝ፤ «ማጠብ» የምንለው ግብዣውን ነው፤ አዲስ የሆነች መኪና ሳይበላላት ሳይጠጣላት አይቀርማ። እኔም ጋበዝሁ፣ ሳቅሁ፣ ጨፈርሁ።

ባለፈው ሰኞ ኢያ ሲኪራ ደጄ መጣች። የድርጅትዎ ዓርማ ያለበትን ፖስታ በሻሽዋ ጫፍ ጠቅልላ ይዛለች። «ቲቸር፣ እንግሊዝኛ ነው፤ ከእርስዎ ሌላ ማን አለን? ባባ ‹ለሷ አስነብቢው፣ እሷ አታሳስተንም› አሉ» አለችኝ። ከፈትሁት። «ደንበኛችን ወይዘሮ ኦዬዲጂ በፊርማዋ እንዳረጋገጠችው፣ ለአደጋው ተጠያቂው እርስዎ ነዎት፤ ስለዚህ የእግርዎን ሕክምና አንሸፍንም» ይላል፤ ከታች የእርስዎ ፊርማ፣ ከጀርባው የእኔው ወረቀት ቅጂ። ሴትዮዋ አፌን አፌን ታያለች። ካፈርሁ አይመልሰኝ ሆነና «ገና እያዩት ነው፤ ትንሽ ታገሡ ይላል» ብዬ አነበብሁላት። «ልጆችዎ ይባረኩ፣ ደጅዎ ሰው አይጣ» ብላ መርቃኝ፣ ፖስታውን እንደ ገና በሻሽዋ ቋጥራ ሄደች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ፤ ግን መሬትም እንደ እናንተ ቢሮ ናት፣ ሲፈልጓት አትከፈትም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በዚህ ግልጽ ደብዳቤ የፈረምሁትን ወረቀት ሽሬአለሁ። ፔሌ ብያለሁ። የፍሬን መብራቴ አይበራም ነበር፤ አውቅም ነበር። ባባ ላሚዲ ሲበሩ አላየሁም። ይህን ለሳጅኑም ጽፌ ሰጥቻለሁ፤ ግልባጩም ለትምህርት ቤቴ ርእሰ መምህር ደርሷል። መስታወቱን አውልቃችሁ መውሰድ ብትፈልጉ መኪናዋ ደጄ ቆማለች፤ ቁልፉን ለዘበኛዎ እሰጣለሁ፣ ላስቲኬንም አልጣልሁትም። የሰውየውን እግር ግን አሳክሙ። ነገ ከትምህርት በኋላ ወደ ቤታቸው ሄጄ፣ ደብዳቤዎን እንደ ተጻፈው አንድም ቃል ሳልዘል አነብላቸዋለሁ።

የጽኑ ጥላ ድርጅትዎ ጥላ ይበልጥ ይስፋ፣ ኮምፒውተሩ በጤና ይክረም፣ ስብሰባዎቻችሁ ከሳቅ አይጉደሉ፣ ለእርስዎም ረጅም ዕድሜና ደኅና እግር ይስጥልኝ እያልሁ፣ በታላቅ አክብሮትና ከዚያ በሚበልጥ ኀፍረት፣

ሞጂሶላ ኦዬዲጂ
የዮሩባ ቋንቋ መምህርት፣ የድርጅትዎ ታማኝ ደንበኛና የውሸት ተባባሪ

ሳልረሳው፦ ይህን ከላይ ያለውን ጽፌ ሳልልከው ትናንት ሄድሁ፤ ደብዳቤዎንም አነበብሁላቸው። ባባ ላሚዲ እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ የመብራቱን ነገር እያለቀስሁ ስናዘዝ፣ «ልጄ፣ መብራትሽ እንዳልበራ እኮ አይቻለሁ። ከኋላሽ የነበርሁት እኔ አይደለሁ እንዴ? ለፖሊሱ ያልተናገርሁት፣ ራሴን ይዛ ስታለቅስ የነበረች ሴት እንዳትታሰር ብዬ ነው» አሉኝ። ሰባት ወር ሙሉ፣ ክቡር ሆይ፣ እሳቸው ለእኔ ሲሉ እውነቱን ደብቀው እግራቸው ሲጣመም፣ እኔ በእሳቸው ላይ እየፈረምሁ ማልት እጠጣ ነበር። አሁን ምስክርነታቸውን ሊሰጡ ፈቅደዋል፤ የሚፈርሙት በአውራ ጣታቸው ነውና የቀለሙን ሙዳይ ይዛችሁ እናንተው ኑ፤ በዚያ እግር ቢሮዎ ድረስ መሄድ አይችሉም።