መዝገቡን ቆልፈው ለቅሶ ሄዱ

ትሩፍዬ፣

መካኒሳ ያለው ክሊኒክ «ዳታቤዙ በየቀኑ ቀጥ ይላል» ብሎ ከሐዋሳ ድረስ አስጠራኝ፤ አዲስ ሰርቨር ገዝተው እንኳ አልዳነም። ዛሬም ሰልፉ አስፋልት ደርሶ፣ አንዲት አራስ ሕፃኗን ታቅፋ ደረጃ ላይ ተቀምጣለች። የትኛው ኮምፒውተር የትኛውን እንዳስቆመ ስፈትሽ፣ ሁሉም የሚጠብቀው የኃላፊውን የአቶ ዋቅቶላን ኮምፒውተር ነው! እንደ ልማዳቸው ሌላ ሰው እንዳይነካባቸው የካርድ ቁጥር የሚሰጠውን መዝገብ ለእርማት ከፍተው (እንዲህ ሲከፈት ለሌላው ሁሉ ይቆለፋል)፣ ሳይዘጉት ጎፋ ለቅሶ ሄደዋል። እኛ ቢሮ እስክሪብቶ ይዞ የሚጠፋ አለ፤ መዝገብ ቆልፎ ለቅሶ የሚደርስ ግን አይቼ አላውቅም! ዘጋሁባቸው፤ ሰልፉ ወዲያው ተንቀሳቀሰ። ሰውዬው ተመልሰው «ሳታስፈቅደኝ? ይቅርታ ጠይቅ!» አይሉኝም?

ቦታ አለቀብኝ፤ እትዬ ውብነሽን ሳሚልኝ። ይቅርታውን ጠይቄያለሁ፤ አራሷን።

ጸጋአብ