አምፕሊፋየር ዳንቴል አይለብስም

ሰኔ 9

መጀመሪያ አንድ ነገር በግልጽ ይጻፍ። ባለቤቴ ሳፊያ ከእንግዲህ አታይም። ሐኪሙ «የቀረውን እንጠብቅላት እንጂ የሄደው አይመለስም» ብሏል። የቀረው ማለት መስኮቱ በየት በኩል እንዳለ ማወቅ ነው። ይህን ሳልቀበል ምንም ብጽፍ ዋጋ የለውም። ተቀበልኩ... ተቀበልኩ?

ሌላው ያው ነው። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል። ከሸዋ በር ዳቦ ገዝቼ ተመለስኩ። ሳፊያ ከአልጋው ጠርዝ አልተነሳችም። የዳንቴል ኪሮሿን ይዛለች። ጣቶቿ ብቻ ይሠራሉ። ድሮ እኔ የሒሳብ ፈተና ሳርም እሷ ከጎኔ መንዙማ ታንጎራጉር ነበር። አሁን ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የግድግዳው ሰዓት ነው።

ልጃችን ረውዳ ከአዲስ አበባ ደወለች። ግንቦት ላይ እናቷ በኤሌክትሪክ ምድጃው ሽቦ ተደናቅፋ እጇን ካቃጠለች ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም።

«አባ፣ አንተ ገበያ ስትወጣ ብቻዋን ናት። ለመስከረም መጥቼ እወስዳታለሁ።»

«እሷስ ምን አለች?»

«እሷማ ምን ትላለች? ዝም ነው የምትለው።»

እውነቷን ነው። ልጅቷ ክፉ አላሰበችም። ግን ይህ ቤት ያለ ሳፊያ... አልጨርሰውም።

ሰኔ 14

ረውዳ በአውቶቡስ ካርቶን ላከች። አምፕሊፋየር፣ ከሁለት ስፒከር ጋር። «እስከ መስከረም የምትሰማው ነገር ይኑራት።» እስከ መስከረም...

ጎረቤታችን ወርቄ ካርቶኑ ሲገባ አይታ ተከትላው ገባች።

«ጋሽ መሕሙድ፣ ልትድሩ ነው እንዴ? ይሄ እኮ ለሆጤ ሜዳም ይተርፋል!»

«ለመስማት ነው፣ ለማደንቆር አይደለም።»

«በሉ ይክፈቱልን!»

አልከፈትኩም። ካርቶኑ በመንገድ ዝናብ መቶታል። እርጥብ ዕቃ ላይ መብራት መስደድ ምን ይሉታል? ዕቃውን አውጥቼ አየር በሚያገኝበት ደረደርኩ፤ መመሪያውን ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ጀመርኩ።

ሳፊያ ከአልጋው ላይ፣ «ወርቄ፣ ተቀመጪ። ዛሬ ምዝገባ ብቻ ነው። ትምህርት የሚጀመረው በሚቀጥለው ሳምንት ነው» አለች።

ቀለደች! ከግንቦት ወዲህ የመጀመሪያዋ ናት።

ሰኔ 17

ደምመላሽ ከኮምቦልቻ መጣ። የመብራት ሠራተኛ ነው። ድሮ ተማሪዬ ነበር፤ ሲያንቀላፋ ስንት ጊዜ ከክፍል አስወጥቼዋለሁ። ሶኬቱን ፈቶ አየና ሳቀ።

«መምህር፣ ይቺ ሦስተኛዋ ቀዳዳ ለጌጥ ናት። አደገኛውን መብራት ወደ መሬት የሚያሰርግ ምድር ሽቦ የለዎትም።»

«ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ?»

«ከተሠራ ጀምሮ። አላህ ነው የጠበቃችሁ።»

ከጓሮ በኩል የብረት ዘንግ ቀበረ፣ ሽቦውን አገናኘ፣ በመሣሪያው ለካ። ያመጣልኝን የመብራት ማመጣጠኛ ስታቢላይዘር ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። «መብራት ሄዶ ሲመለስ እንደ ተቆጣ ኮርማ ነው። እስኪረጋጋ ይጠብቁት፤ ከዚያ ይክፈቱ።» ማጥፊያውን እኔ በፈለግሁበት ቦታ አደረገልኝ። ከሳሎኑ በር አጠገብ፣ ግድግዳው ላይ፣ የሳፊያ እጅ ሳይፈልግ በሚያገኘው ከፍታ።

ለእሷ አንድ ሕግ ብቻ ሰጠኋት። የሚያሠጋ ነገር ከተሰማሽ ዕቃውን አትንኪ፤ በደረቅ እጅሽ ግድግዳው ላይ አጥፊ። አንዴ ነገርኳት። በግድግዳው እየዳሰሰች ሄዳ አጠፋች። እንደገና አደረገችው። ከዚያ ዞር ብላ፣

«ደምመላሽ፣ አንተስ ገባህ ወይስ ተኝተህ ነበር?»

ልጁ በሳቅ ፍርስ አለ።

ሰኔ 18

የሰሌዳውን ማስመሪያና ሲባጎ አወጣሁ። ሁለቱ ስፒከሮችና የሳፊያ ወንበር እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን እንዲሠሩ አደረግሁ። ሦስተኛዋ ማዕዘን ሳፊያ ናት። ስፒከሮቹን ከግድግዳው ፈቀቅ አደረግኋቸው፤ ጣሪያው ከሚያፈስበት ጥግም አራቅኋቸው። ሽቦውን በሙሉ ግድግዳ ለግድግዳ በሚስማር ያዝኩት። ምንጣፍ ሥር የሚሄድ፣ ወለል የሚያቋርጥ አንድም የለም። አየሁት። አማረኝ።

የዜማውን ፍላሽ ሰካሁ። መንዙማ ጀመረ። ሳፊያ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ቆየች። ማሻአላህ እስክትል ጠበቅሁ።

«ሰውየው የታለ?»

«የቱ ሰውዬ?»

«የሚያዜመው። ግማሹ መስኮቱ ጋ፣ ግማሹ በሩ ጋ ተበትኗል። ድቤውም ሆድ የለው።»

«ሳፊያ፣ ሦስት ጊዜ ለክቻለሁ።»

«መለካትህን መቼ ተጠራጠርኩ? ሰውየው ግን የለም።»

ግድግዳው ላይ አጥፍቼ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ አየሁ። የግራው ስፒከር... ቀዩን ጥቁሩ ላይ፣ ጥቁሩን ቀዩ ላይ አስሬዋለሁ። እኔ! አስተካክዬ ከፈትኩ።

«መጣ!» አለች። በጣቷም አመለከተችኝ፤ በሁለቱ ስፒከሮች መሐል ወዳለው ባዶ ግድግዳ። «እዚያ ጋ ተቀምጧል። ወፈር ያለ ሰው ነው። ዜማውን ከማንሣቱ በፊት በአፍንጫው ይተነፍሳል።»

ጆሮዬን ጣልኩ። ድቤውን ሰማሁ፤ ሆድ አለው። ትንፋሹን ግን እኔ አልሰማሁትም። ደጋግሜ መልሼ... አልሰማሁም። ምን ዓይነት ጆሮ ነው ይህ? ከእኔ ጋር ስትኖር የት ደብቃው ነበር? ወይስ እኔ ነኝ ያልጠየቅኋት?

ሐምሌ 2

ነጎድጓድ። ሁሉንም ነቀልኩ። ሳፊያ ጦሳ ሳይጮህ ነው የነገረችኝ።

ሐምሌ 8

ዛሬ ተቀበለች! ሰውየው ሲያነሣ፣ ተቀባዮቹ ሲመልሱ፣ እሷም አብራ መለሰች። በዝግታ። ወጥ ቤት ነበርኩ፤ ሽንኩርቱን ትቼ ቆምኩ። እንዳልገባ ፈራሁ። ከገባሁ ብታቆምስ?

ድምፁን ግማሽ እንኳ አታደርሰውም። ወርቄ «ኧረ ከፍ አድርጊው፣ እኔም ከቤቴ ልስማ» ስትላት፣

«ወርቄ፣ ዓይኔን ሳልጠብቀው ሄደ። ጆሮዬን ልጠብቀው» አለች። እንደ ቀልድ ነው ያለችው።

ሐምሌ 15

ለካ ስትሠራ የከረመችው ዳንቴል ለአምፕሊፋየሩ ነበር። በመዳሰስ ብቻ፣ ነጭ፣ ዳር ዳሩ አበባ። አንድ ዙር አልተዛባም። እኔ በማስመሪያ የማላገኘውን እኩልነት በጣቷ አገኘችው።

«ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ሶፋው ለብሷል፣ ቡፌው ለብሷል» አለች። «እንግዳው ብቻ ራቁቱን ተቀምጦ ይቅር?»

እዚህ አገር ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ ባለቤት እንደሌለው ነው። መመሪያው ግን ከላይ ያለው ፍርግርግ እንዳይሸፈን፣ ሙቀቱ የሚወጣው በዚያ እንደሆነ ጽፏል። አንብቤዋለሁ። አስምሬበታለሁም። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ፊቷን አየሁ...

አለበስኩት። ዳንቴል ቀዳዳ አለው፣ አየር ያስገባል አልኩ ለራሴ። ተማሪ እንዲህ ብሎ ቢመልስልኝ በቀይ እሰርዘው ነበር።

ወርቄም መጥታ፣ «አሁን ሰው መሰለ!»

ሐምሌ 23

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ኮምቦልቻ ለቅሶ ነበረብኝ። ጠዋት ስወጣ ሳፊያ ወንበሯ ላይ፣ መንዙማው ተከፍቶ ነበር። ስመለስ ሐረጎ ዳገት ላይ ናዳ ወርዶ መኪናው ሁሉ ቆሟል። ቤት ደወልኩ። አይነሣም። ደግሜ ደወልኩ። አይነሣም። ያ ዳንቴል ዓይኔ ላይ መጣ። መንገዱ እስኪከፈት ስንት ነገር አሰብኩ...

ስደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሳፊያና ወርቄ በረንዳው ላይ፣ ጋቢ ለብሰው። ከሳሎኑ የተቃጠለ ላስቲክ የሚመስል ሽታ። ዳንቴሉ መሐሉ ላይ ተኮማትሮ ከብረቱ ጋር ተጣብቋል።

ወርቄ ናት የነገረችኝ። «እኔ ምን ሠራሁ? ስትጠራኝ መጣሁ፣ ሁሉንም ጨርሳ ነው ያገኘኋት።»

መጀመሪያ ድምፁ ተቀየረባት። «ሰውየው አፉን በጋቢ የሸፈነ መሰለ» ትላለች። ከዚያ ሽታው። ወደ ዕቃው አልሄደችም። ተነሥታ፣ ግድግዳውን ይዛ፣ በደረቅ እጇ አጠፋች። በሩን ከፈተች፤ ወጥታ ወርቄን ጠራች። ስልኩ ውስጥ ቀርቶ ሲጮህ ሰምታዋለች። «ሽታው ሳይወጣ ለስልክ ብዬ ልግባ?» አለችኝ ሳፊያ።

ሕጉን የሰጠኋት እኔ ነኝ። መመሪያውን የጣስኩት እኔ ነኝ። ሕጉን የጠበቀችው እሷ ናት።

ሐምሌ 24

ነገርኳት። መመሪያውን አንብቤ፣ እያወቅሁ እንዳለበስኩት።

ኪሮሿን አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ደስ ብሎሽ ነበር።»

«መሕሙድ፣ ተማሪህ ተሳስቶ እያየህ ደስ ብሎታል ብለህ ታልፈዋለህ?»

«አላልፍም።»

«እኔን ለምን አለፍከኝ? ዓይኔ ነው የሄደው። ክሩን ፈትቼ ሌላ እሠራ ነበር እኮ!»

እውነት ለመናገር፣ እሷን እንደ ተሰባሪ ብርጭቆ ስይዛት ከርሜያለሁ። ረውዳም እንዲሁ። ሁለታችንም ያወራነው ስለ እሷ ነው፤ ከእሷ ጋር አልነበረም።

ከዚያ ደግሞ፣ «ለረውዳ ምን ልትላት ነው?» አለችኝ።

«ባንነግራትስ... አሁን ከሰማች ነገ መጥታ ትወስድሻለች።»

«እንነግራታለን። እኔው ነኝ የምነግራት። ቆይ ግን፣ መጀመሪያ ቤቱ ይስተካከል።»

ልትሄድ ነው ወይስ ልትቀር? አልጠየቅኋትም። ፈራሁ።

ሐምሌ 27

ደምመላሽ አምፕሊፋየሩን ወስዶ አድኖ መለሰው። የተጣበቀውን ክር ከፍርግርጉ እየነቀሰ አወጣ፣ ፊውዝ ቀየረ። ከላዩ አንድ ስንዝር ባዶ ይሁን አለ። አቧራው በደረቅ ጨርቅ፣ ከሶኬት ተነቅሎ።

«እትዬ ሳፊያ፣ ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ ቡፌውንም እሳት ይይዘው ነበር። ወላሂ፣ ዓይን ያለው ሰው ቆሞ ያያል እንጂ እንዲህ አያደርግም።»

«ዓይን ያለውማ ዳንቴል ያለብሳል» አለች ወደ እኔ ዞራ።

ይገባኛል።

ነሐሴ 6

የተረፈውን ዳንቴል ተረተረችው። ስትተረትር ታንጎራጉር ነበር። ከዚያ በዚያው ክር ሽቦዎቹን አሰረች። የግራው ስፒከር አንድ ቋጠሮ፣ የቀኙ ሁለት። ቀይ የሚገባበት ጫፍ ላይ ትንሽ ጉብታ። ሽቦዎቹን ነቅላ መልሳ ማገናኘት ተለማመደች፤ ሁልጊዜ መጀመሪያ ግድግዳው ላይ አጥፍታ። እኔ አጠገቧ ቆሜ እጄን ወደ ኋላ አጣጥፌ አየሁ። መርዳት አለመቻል እንዴት ይከብዳል! አንድም አልተሳሳተችም። እኔ በሁለት ዓይኔ ያዛባሁትን።

ነሐሴ 13

«ዛሬ ውጣ» አለችኝ። «ሩቅ ሂድ። እየደወልክም እንዳታስቸግረኝ።»

ገራዶ ሄድኩ። ምንም ጉዳይ አልነበረኝም። ሻይ አዝዤ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። አልደወልኩም።

ስመለስ መብራት ሄዶ ነበር። ሳፊያ ሁሉን አጥፍታ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። ሰውየው የለም፣ ድቤው የለም። ብቻዋን እያነሣች ብቻዋን ትቀበላለች። እስከ በረንዳው ድረስ ይሰማል። ወርቄ ከአጥሩ ማዶ ልብስ ማስጣቱን ትታ ቆማለች፤ በእጇ ዝም በል አለችኝ።

መብራቱ መጣ። ሳፊያ አልተነሣችም። «ኮርማው ይረጋጋ» አለች። ከዚያ ሄዳ ከፈተች።

ነሐሴ 14

ዛሬ ለረውዳ በድምፅ መልእክት ነገረቻት። ስልኩን እኔ ያዝኩ፤ የተናገረችው እሷ ናት። ከዚያ በፊት ምን ልትል እንደሆነ አልነገረችኝም። እኔም እንደ ረውዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሰማሁት። የድምፅ መልእክቱን መልሼ እያሰማሁ ቃሏን እንዳለ ገለበጥኩት፤ እንዳይጠፋኝ።

«ረውዳ ልጄ፣ እናትሽ ነኝ። አባትሽ አላስጠናኝም፣ ቃሉ የራሴ ነው። ሐምሌ ላይ የላክሽው ዕቃ ሊቃጠል ነበር። ዳንቴል አልብሰነው ነው፤ እኔ ሠራሁት፣ አባትሽ አለበሰው። ብቻዬን ነበርኩ። አሸተትኩት፣ ሰማሁት፣ አጠፋሁት። ይህን ከሰው ሳትሰሚ ከእኔ ስሚው ብዬ ነው። አሁን ሽቦው ሁሉ በእጄ ይታወቃል። የምድጃውንም ደምመላሽ ግድግዳ ላይ አስይዞልናል። እወስድሻለሁ ስትይኝ ዝም ያልኩት እሺ ማለቴ አልነበረም። የምለው ጠፍቶኝ ነበር። አሁን አገኘሁት። አልመጣም፣ የኔ ዓለም። እኔ እዚሁ ቤቴ ነኝ። ለመስከረም አንቺው ነይ፤ አባትሽን ከቤት አስወጥተሽ ፈትኚኝ። ከወደቅሁ ትወስጂኛለሽ፤ ቃሌ ነው። ብቻ መልሱን በጽሑፍ እንዳትልኪው፣ በድምፅሽ ላኪው። ስልኩን ከትልቁ ስፒከር ጋር አገናኝተነዋል፤ ከመናገርሽ በፊት ስትተነፍሺ ብቻ እሺ ይሁን እንቢ አውቀዋለሁ። በይ፣ አታቆዪን። ዛሬውኑ መልሺልን።»