መብራት በወንፈል

ጉንደ ወይን፣ ኅዳር 2006 ዓ.ም.

ለልጄ ለማርያማዊት፣

የዲማው ጊዮርጊስ ከክፉ ይሰውርሽ። እኛ ደህና ነን፤ ጤፉም ታጨደ።

እዚያ ባሕር ማዶ መኪናሽ በመብራት እንደሚሞላ ሰማሁ። ጎረቤቶችሽ አይጨልምባቸውም? እዚህ ሁሉም ማታ አንድ ላይ ምድጃ ሲሰካ ትራንስፎርመሩ ተቃጥሎ ሳምንት በጨለማ ሰነበትን። አሁን እንደ አጨዳው በወንፈል፣ በየተራ ነው የምንሰካው፤ ጎረቤታችን ፋንታነሽ ሰኞ፣ መሪጌታ ማክሰኞ። አንቺም ከሰፈርሽ ሰዎች ጋር እንዲሁ አድርጊ።

የኔ ተራ ቅዳሜ ነው፤ ስልኬንም ያን ቀን ብቻ እሞላለሁ። ለስልክ ተራ አያስፈልግም ይሉኛል፤ ደንብ ግን ደንብ ነው። ቅዳሜን የመረጥኩት እሁድ ትደውያለሽ ብዬ ነበር። ስልኩ ሦስት እሁድ እንደሞላ ዋለ።

መኪናሽ እስኪሞላ መጠበቅሽ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ደውዪልኝ። መንገድሽን ያቅናልሽ።

እናትሽ ጤናዬ