ቀኝ ጉንጭሽን ብቻ

ለምወድሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? ያቺ ተዋጊ ላምሽ አሁንም ሰው ትወጋለች ወይስ አርጅታ እንዳንቺ ምክር ብቻ ሆናለች? እኔ «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ውሸት ሆነብኝና ወረቀቱን ቀደድኩት። እንደ ልማዴ ቀኝ ጉንጭሽን ስሜ ልቀጥል።

ደብዳቤ ሲመጣ ሞቷል ብለሽ እንዳትጮሂ። ማንያታ፣ ቤቴ ደጃፍ፣ ሰው በማመላልስባት ሞተር፣ በፒኪፒኪዬ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። በስልክ ያልነገርኩሽ አፌ ወደ ቀልድ ስለሚሸሽብኝ ነው። በፊደሌ አትሳቂ፤ ትምህርቴ የቀረው አስተማሪው ወንበር ላይ ማስቲካ ስለለጠፍኩ መሆኑን ታውቂያለሽ። እህቴ ሳሌምዬ፣ አንቺም እየዘለልሽ አታንብቢላት።

ሳሌም በቪዲዮ ስትደውል የውሻ ጆሮና የውሻ አፍንጫ በስልኩ ፊቴ ላይ ለጥፌ የማወራው ትዝ ይልሻል? «ይሄ ልጅ መቼ ነው ሰው የሚሆነው» እያልሽ ትስቂ ነበር። እማዬ፣ ከውሻው አፍንጫ ሥር የኔ አፍንጫ ነበረ። ቁንጭር፣ ያ የቆዳ በሽታ፣ ይዞኛል።

ባለፈው ለፋሲካ መጥቼ ቤቱ በእንግዳ ሲሞላ፣ ሽኮኮዎቹ ከሚውሉበት ገደል ሥር ወጥቼ የተኛሁ ጊዜ ይመስለኛል ቁንጭሩን የምታመጣው ዝንብ የነከሰችኝ። እዚህ ከተመለስኩ ወራት ቆይቶ ግራ ጉንጬ ላይ እንደ ብጉር ብቅ አለ። ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ «ከቤታችሁ እንዲህ ያለ ነገር ወጥቶበት የሚያውቅ ሰው አለ?» አለኝ። «የለም» አልኩት።

ሳላስብ ነው ብዬ ባልዋሽሽ ይሻላል። አስቤ ነው። የቁንጭሩን ጠባሳ ለመሸፈን ነጠላሽን የምትስቢበት ግራ ጉንጭሽ ፊቴ ድቅን ብሎ ነበር። የትምህርት ቤት በዓል ሲሆን «አትምጪ፣ ላሚቱን ማን ይጠብቃል» እልሽ አልነበር? ሐኪሙ ፊትም አትምጪ አልኩሽ።

እሱም አመነኝ፤ ጭርት ነው ብሎ ቅባት ሰጠኝ። ስቀባ ከረምኩ። እብጠቱ ወደ አፍንጫዬ ተሻገረ። አያምም፣ አያሳክክም፣ ዝም ብሎ ይወፍራል።

እዚህ ፌርማታ ላይ ለቦዳቦዳ፣ ለሞተር ታክሲ ነጂ ሁሉ ቅጽል ስም ያወጣሁ እኔ ነኝ። ጓደኛዬን ጅሎን ስለሚያንኮራፋ «ጄኔሬተር» አልኩት፤ አሁን ሚስቱም እንደዚያ ትጠራዋለች። አፍንጫዬ እንዲህ ሲሆን የኔን ስም ጠበቅኩ። የለም። «ምነው ዝም አላችሁ? ድንች እንኳ በሉኝ እንጂ» አልኩት ጅሎን። መሬት መሬት እያየ «ፖሌ ወንድሜ» አለኝና ሻይ ጋበዘኝ። እዚህ ፖሌ የሚባለው ለታመመና ሰው ለሞተበት ነው። ጅሎ ደግሞ ሻይ ጋብዞ አያውቅም።

በማግስቱ ወደ ክሊኒኩ ተመልሼ «እናቴ ነበረባት» አልኩ። ሐኪሙ ቆዳዬን ፍቆ በማይክሮስኮፕ አየው። «ይህን ያኔ ብትነግረኝ ኖሮ» እያለ መድኃኒት አዘዘልኝ። መድኃኒቱ ከናይሮቢ መጣ፤ ቂጤ ወንፊት እስኪሆን ተወጋሁ።

አብሮኝ የሚወጋ አብዮት የሚባል የከባድ መኪና ረዳት ነበር። ቁስሉ አፉን ከፍቶ ሲያዩት ያስፈራል። እሱ ድኖ ሄደ፤ የኔ እንዳለ አለ። ለምን ብዬ ብጠይቅ ሐኪሙ «መርፌው ግማሹን ነው የሚሠራው፣ ግማሹን ሰውነትህ ነው። የሱ ሰውነት ስለተዋጋ ነው የቆሰለው። ያንተ ግን ጠላቱን እንደ ዘመድ አስተኝቶታል» አለኝ። «ዘበኞቼም እንደኔ ቀልደኛ ናቸዋ፤ ሌባ ሲገባ ይስቁለታል» አልኩት። አልሳቀም።

አሁን ሁለተኛ ዙር ልጀምር ነው፤ ከመርፌው ጋር እንክብልም ይጨመራል። ካልያዘልኝ ፊቴን በሙሉ ሊያዳርስ ይችላል ብሎኛል። «ሁለታችሁንም አንድ አገር የያዛችሁ ነው፤ የእናትህ እንዴት ነበር የዳነው?» ሲለኝ «እጠይቃታለሁ» አልኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ፊት ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄሽ አላውቅም።

እና ልጠይቅሽ። ቆስሎ ነበር ወይስ አብጦ ብቻ? በመድኃኒት ነው ወይስ በራሱ ጊዜ የጠፋው? ስንት ዓመት ቆየብሽ? ያን ጊዜ ፊትሽን ማን አጠበልሽ? ሰው ፖሌ ሲልሽ ምን ትይ ነበር? አባቴ ያገባሽ ከዚያ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ለሐኪሙ የሚሆነውን ለሐኪሙ እነግረዋለሁ፤ የቀረው ለኔ ነው።

እሑድ ሳሌም ትደውል። ውሻው አይኖርም። ስታዪኝ አታልቅሺ፤ ከቻልሽ ስም አውጪልኝ።

እመብርሃን ጉልበትሽን ታጽናልሽ፣ ላምሽንም ታለዝብልሽ። ነጠላሽን ገለጥ አድርጌ ግራ ጉንጭሽን ስሜያለሁ።

ቁርጥ አንቺን የመሰለው ልጅሽ