ቅዳሜ የሚዘቀዘቀው ሰውዬ

ክራኮቭ፣ ማክሰኞ፣ ማርች 9 ቀን 2010

ለታናሽ ወንድሜ ለኢዚዶር፣ ሃይፋ፤

ቁጭ ብለህ አንብበው። ባለፈው ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በጎረቤቴ በወይዘሮ ቦግና ኮሪደር ውስጥ፣ አንድ ጢማም አይሁዳዊ ሽማግሌ ተዘቅዝቆ መሰቀሉን በጥልቅ ሐዘን አስታውቅሃለሁ። ደም ግፊትህ እንዳይነሳ፤ ሥዕል ነው።

አንተ በ1968 አይሁዶችን ከአገር ሲያስወጡ ከሄድክ ወዲህ የተስፋፋ ፋሽን ነው። ሳንቲም በጣቶቹ ይዞ የሚያፈጥ አይሁዳዊ በር አጠገብ ይሰቅላሉ። ሳምንቱን ሙሉ ለቤቱ ሀብት ይሰበስባል ይላሉ፤ ቅዳሜ ይገለብጡትና ያራግፋል። እስካሁን ሲያራግፍ ያየሁት አቧራ ብቻ ነው። በዚህ ከተማ ከእኔ ሌላ የሚተነፍስ አይሁዳዊ ፈልገህ አታገኝም፤ የተሳለው ግን በየበሩ ተሰቅሏል።

ቦግና ክፉ ሰው አይደለችም። ስታመም ሾርባ ያመጣችልኝ እሷ ናት፤ ንዴቴን የሚያበዛው ይኸው ነው። ቅዳሜ ዕለት በሬን አንኳኩታ፣ «ወይዘሮ ሳሎሜያ፣ እርስዎ ያውቁታል ብዬ ነው» አለችኝ። «የሚገለበጠው ዓርብ ማታ ነው ቅዳሜ ጠዋት? የኛው እኮ አልሠራ አለ!»

«እኛ ቤት የሚሰቀለው ፖላንዳዊ ነበር» አልኳት። «እሁድ እሁድ እንገለብጠው ነበር።»

«ውይ፣ ቀልደኛ ነዎት!» ብላ በክንዴ ይዛ ወሰደችኝ። ሥዕሉ ፊት ስደርስ ቀልዱ ከአፌ ጠፋ።

ኢዚዶር፣ ተዘቅዝቆም ቢሆን ጣቱን አወቅኩት። የግራ እጁን ትንሿን ጣት፤ አንተ በሦስት ዓመትህ በር ዘግተህባት ተጣማ የቀረችውን።

አሁን አንድ የደበቅኩህን ልንገርህ። ባለፈው ደብዳቤህ «ሐኪሙ የማስታወስ ችሎታዬ እየደከመ ነው አለኝ፤ የአባባ ፊት ሳይጠፋኝ ፎቶውን ላኪልኝ» ብለህ ነበር። በሰዓት መጠገኛ ጠረጴዛው ፊት ተቀምጦ የተነሳውን፣ ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ትንሿን የሰዓት ጥርሳም ሽክርክሪት በጣቶቹ የያዘበትን። እልክልሃለሁ አልኩህ እንጂ ፎቶው እጄ ላይ አልነበረም። አምና መስታወቱ ሲሰበር ፍሬም ሠሪው ሉድቪክ ዘንድ ወሰድኩት፤ ቧንቧ ፈንድቶ ተበላሸ አለኝ። አንድ ዓመት ሙሉ እንዴት ልነግርህ እንደምችል ሳስብ ከረምኩ።

ሰኞ ሉድቪክ ሱቅ ሄድኩ። አባባ በመስኮቱ ላይ አራት ሆኖ ተደርድሯል፤ አራቱም ሳንቲም ይዘዋል።

«ይህን ፊት ከየት አመጣኸው?»

«ከአንድ አሮጌ ፎቶ ነው እሜቴ። እንዴት ያለ ፊት መሰለዎት! እንደሱ ቶሎ የሚሸጥልኝ የለም።»

«ፎቶውስ?»

«ረጥቦ ነበር፣ አይቼ ከሳልኩት በኋላ ጣልኩት። የሆነች ጥርሳም ነገር ይዞ ነበር፣ ሰው አይገባውም ብዬ በሳንቲም ለወጥኳት። ጢሙንም እኔ ነኝ የጨመርኩለት፤ ያለ ጢም ማን ይገዛዋል?»

«አባቴ ነው።»

ሰውዬው ፊቱ ቀላ። ከዚያም፣ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ታዲያ ለእርስዎ ቅናሽ አደርጋለሁ» አለኝ! በጥፊ ልለው ቃጥቼ፣ እጄ ከኋላው በተደረደረው አባባ ላይ እንዳያርፍ ብዬ ተውኩት።

ለቦግና ማታውኑ ነገርኳት። «ኢየሱስ ማርያም!» ብላ አማተበች። «ግን እኮ በአክብሮት ነበር የምንገለብጠው!»

«ቦግና፣ አባቴ ቅዳሜ ገንዘብ በእጁ አይነካም ነበር። ሥራ አይሠራም። ለዚህ ነው ያልሠራልሽ።»

ከዚያ ወንበር ላይ ወጥታ፣ መጀመሪያ ወደ ላይ ቀና አደረገችው፣ ቀጥላ አወረደችው፣ አቧራውን በቀሚሷ ጠርጋ ሰጠችኝ። ግድግዳው ላይ የቀረውን ነጭ አራት ማዕዘን እያየች፣ «ምን ልስቀልበት እንግዲህ?» አለች። ካላንደር አልኳት።

ዛሬ ጠዋት ሳንቲሙን በቢላ ጫፍ ፋቅሁት። በቦታው ከአባባ ቆርቆሮ ሣጥን ያወጣኋትን እውነተኛዋን ጥርሳም ሽክርክሪት ለጠፍኩ፤ ከጣቶቹ መሃል ልክ ሆነች። ጢሙን ግን አልደፈርኩም፤ ሉድቪክ ከሥሩ አገጭ ይሳልለት አይሳልለት በምን አውቃለሁ? እሱን አንተ በልብህ ላጨው። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ፤ ስትነሳ በምታየው ቦታ ስቀለው። ቅዳሜም ተወው፣ ይረፍ።

ፊታችንን አምላክ ከዓይንህ አይሰውርብህ፤ ደጅህም በሚያውቁህ ሰዎች ይሞላ።

እህትህ ሳሎሜያ

ማረሚያ፦ በዚህ ደብዳቤ የመጀመሪያ አንቀጽ «አንድ ጢማም አይሁዳዊ ሽማግሌ» የተባለው «አባታችን፣ የአርባ ስድስት ዓመት ጎልማሳ ሰዓት ሠሪ» ተብሎ ይነበብ። እዚያው «ሥዕል ነው» የሚለው ተሰርዟል።