ጎረቤቶቼ የማሉልኝ ቀን

ድሬዳዋ፣ ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ለኤርፖርቱ ሥራ የደህንነት ማጣሪያ ሲደረግልኝ፣ ኮንትሮባንድ ልብስ ሳሳልፍ ተይዤ መታሰሬን ራሴው ተናግሬ ነበር። አጣሪው «ዋናው አለመዋሸትሽ ነው» ስላለኝ ተስፋ አድርጌ ሰነበትኩ። ዛሬ ደወለና፣ «ሰፈሩን ‹እንዲህ በሉ› ብለሽ ያስጠናሽው አንቺ ነሽ?» ብሎ ዘጋብኝ። ግራ ገባኝ።

ወደ ቤት ሳልፍ ባለሱቋ ጎረቤቴ አሻ ጠራችኝ። ደስ ብሏታል።

«አብሽሪ! ሰውዬው ስለ አንቺ ሊጠይቅ መጥቶ፣ ሰፈሩ ሁሉ ‹ታስራ አታውቅም› ብለን ማልንለት። እኔማ ወላሂ አልኩት!»

ልቆጣት አፌን ከፈትኩ። እስር ቤት ሳለሁ፣ የገዛ እህቶቼ ሲሸሹኝ፣ በየጁምዓው ሩዝ ይዛልኝ ትመጣ የነበረችው እሷ ናት።

«አላህ ይስጥሽ» ብያት ገባሁ።

ሆድ ሲብሰኝ የማዋየው ሰው ደግሞ ከአሻ ሌላ የለኝም።